ዶሮ በወይን ጠጅ

ያልተነጠረ ቅቤ ላይ ሽንኩርት ሲወድቅ የሚወጣው ሽታ ያደክመኛል። ዛሬም ሱቅ ዘግቼ ስገባ ከጎረቤት ወጥቶ ደረጃው ላይ ያዘኝ፤ ዕቃዬን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴም አርጅቷል፣ ሰበብ አላጣሁም።

ምን ልበልህ፣ ያኔ ወጣት ነበርኩ። እዚሁ ስደት አገር፣ ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የሆሳዕና ልጅ ጋር በሽርክና ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረን፤ ከፍርግርጉ ኋላ እንሸጣለን፣ ከመደርደሪያው ኋላ እንተኛለን። ፍሪጁ ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች፤ ደጋግመን የምናየው ደግሞ አንድ የፈረንሳይ ፊልም፣ ከምድጃ የማይርቅ። ሸሪኬ ከስር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ትቶ የወጥ ሠሪዋን እጅ ነበር የሚያየው።

«እያት፣ አትቸኩልም እኮ!» ይለኛል። እኛ ዳቦና የቆርቆሮ ዓሣ በቁማችን የምንጎርስ ሰዎች ነን፤ አለመቸኮል ከየት ይመጣል?

የራሱን ሱቅ ሊከፍት ዲፕስሉት ወደሚባል ሌላ ሰፈር በሚሄድበት ዋዜማ፣ ከጅምላ መደብር ዕቃ ጭኜ ስመለስ ሱቁን ያ ሽታ ሞልቶታል። የነሐሴ ብርድ ነው፤ ውጭው የከሰል ጭስ፣ ውስጡ ቅቤ። ምድጃው ላይ፣ ልክ እንደ ፊልሙ፣ ዶሮ በቀይ ወይን ጠጅ ይንተከተካል፤ በርበሬ የሚባል አላየም። ጴንጤ ነውና ጠርሙሱን የቸርቹ ሰው እንዳያይበት በዳይፐር ከረጢት ጠቅልሎ ነው ያመጣው።

«ቅመስ!» አለኝ።

«ፍልሰታ ነው እኮ፣ አባቴ።»

ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ።

«በቃ አንተ ብላው» አልኩት።

«እኔ? ወይን ጠጅ?»

«ልትበላው እንጂ ልትጠጣው ነው?»

«ያው ነው፣ አታባብለኝ።»

ተያየንና እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እኔ በዶሮው፣ እሱ በመረቁ ታገድን። አከራያችን፣ ጎጎ የምንላት የዙሉ አሮጊት፣ ድስቱን ጠርጋ በላች። «ምናንዲ!» አለች፤ ይጣፍጣል ማለቷ ነው።

እሱ አልረካም። «ጎጎ ለደረቅ ዳቦም ምናንዲ ትላለች። እውነቱን የምትነግረኝ አንተ ነህ።»

«ጾሙ ሲፈታ ዲፕስሉት እመጣለሁ፤ ሠርተህ ጠብቀኝ።»

«ካልጣመህም ትነግረኛለህ?»

«እሱንማ ሳልቀመጥ ነው የምነግርህ!»

ጾሙ ሳይፈታ ዘራፊዎች የዲፕስሉቱን ሱቅ ሰብረው ገቡበት። እዚያው ተኝቶ ነበር። ሬሳውን ወደ ሆሳዕና ሸኘነው፤ እኔም ሱቄን ተመልሼ ከፈትኩ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ፍልሰታ በተፈታ ቁጥር ያንን ዶሮ እሠራለሁ። በወይን ጠጁ ፈንታ የወይን ጭማቂ ነው የምጨምርበት፤ እሱም ይበላው ዘንድ። ስኳሩ በዝቶ ይበላሻል። ዘንድሮም ሳልቀመጥ ከድስቱ ቀመስኩና፣ «ምኑም አይጥምም፣ ወንድሜ» አልኩት። ቃል ገብቼለት የለ?