በክብ የተፈረመው አቤቱታ

የነርሷ እጆች የታጠበ ፋሻ ይጠቀልላሉ፤ ዓይኗ ግን ከጤና ጣቢያው በር አይነሳም። የነጭ ጋወኗ ክርን በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ተራዬን ስጠብቅ ከኪሷ አውጥታ የሠራተኛ ማኅበሩን አቤቱታ አሳየችኝ። ከዚህ ጤና ጣቢያ የታገደችው አዋላጅ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ይጠይቃል፤ ማን ቀድሞ እንደፈረመ እንዳይታወቅ ስሞቹ በክብ ተጽፈዋል።

«ዛሬ ደብረ ታቦር ጤና መምሪያ ካልደረሰ አይቀበሉንም፣ እማማ» አለችኝ በሹክሹክታ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ብቅ አሉ። «ደግሞ ምን ደበቅሽ?»

«ፋሻ ነው ጋሼ። የቆሰለ ካለዎት ልጠቅልልልዎት።»

እሳቸው እንደሄዱ የደብረ ታቦሩ ሚኒባስ ጥሩምባ ተሰማ። ነጠላዋን አንስታ ልትወጣ ስትል፣ ገበሬዎች ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ይዘው ገቡ። ነርሷ ዙሪያዋን አየች፤ ሌላ የሚያዋልድ የለም። ነጠላዋን ሰቅላ እጇን መታጠብ ጀመረች። ሚኒባሱ ወረቀቱን ሳይዝ ወጣ።