አሰልጣኙ ዘንድ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። «እዚህ አገር እንዲህ ነው፣ አትናደጂ» ይለኛል። ለምን አልናደድም? ልጄን በፈገግታ ጠርተው፣ ሰመሩን፣ የዚህን አገር በጋ ሙሉ፣ እንደ በሬ ጠምደው፣ ጥፋትህ ይህ ነው እንኳ ሳይሉት አሰናበቱት። ሶ፣ እናደዳለሁ። እስኪወጣልኝ ድረስ እናደዳለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ልጄ የሚጫወተው የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ነው። እኛ የምናውቀውን የእግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ በእጅ ይዘውት የሚሮጡትን፣ እየተላተሙ የሚወድቁበትን ነው። እሱ ደግሞ ሯጭ አይደለም። ፊት መስመር ላይ አጎንብሶ ይጠብቅና፣ ከፊቱ የቆመውን ገፍቶ አልፎ ኳስ ወርዋሪውን ይጥላል። ሥራው ይኸው ነው። ፌርፋክስ በሚባለው የአበሻ ሰፈር ባለችው የባልትና ሱቄ በር ላይ ሲቆም ብርሃን ይጋርደኛል። የሚያየው አበሻ ሁሉ «ምን አብልተሽ ነው ያሳደግሽው?» ይለኛል። ሽሮ እላለሁ። ማን ያምነኛል!

በዚያ ጨዋታ ትልልቆቹ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በቴሌቪዥን ስማቸውን እየጠሩ ይመርጣሉ። ድራፍት ይሉታል። ለተጠራው ልጅ ኮፍያ ያደርጉለታል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ ካሜራው እሷን ያሳያል። እኔም ለማልቀስ ተዘጋጅቼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ሳሎን ቁጭ አልኩ። ስሙን አልጠሩትም። የመጨረሻው ልጅ ተጠርቶ ማስታወቂያ ሲጀምር ልጄ ሪሞቱን አንስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። «ኦኬ» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። በመኪና ከምንደርስበት ቦታ ያለ አንድ ቡድን ነው። «አልመረጥንህም፣ ግን ካምፕ መጥተህ ሞክር» አሉት። እንዲህ ያለውን ልጅ «አንድራፍትድ ሩኪ» ይሉታል፤ ሳይመረጥ የገባ ጀማሪ ማለት ነው። ያስፈርሙታል፣ ማልያ ይሰጡታል፣ ሲያለማምዱት ይከርማሉ። ዋናው ውድድር ሊጀመር ሲል ግን ከካምፑ ልጅ ወደ እኩሌታው የሚጠጋውን ያሰናብቱታል። የተረፈው ሮስተር፣ የቡድኑ ቋሚ ዝርዝር ውስጥ ገባ ይባላል። ልጄ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የሚመኘው እዚያ መግባትን ነው።

ይህን ሁሉ ቁጭ አድርጎ አስረድቶኛል። «ማሚ፣ ሥራ አላገኘሁም። ሥራ እንድሞክር ነው የጠሩኝ» ብሎኛል። እኔ ግን ከተናገረው ሁሉ የሰማሁት «ፈረምኩ» የምትለዋን ነው። እኛ ዘንድ የፈረመ ሰው ተቀጥሯል፣ አለቀ። በሳምንቱ ሱቄ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት ደገስን። የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ባረኩ፣ ከቶራንስ ድረስ ሰው መጣ። እሱ ጥግ ይዞ «ገና ነው፣ ገና ነው» ይላል፤ ሰው ጀርባውን መታ መታ እያደረገ «አቤት ትሕትና!» ይለዋል። ላም አለኝ በሰማይ ነበር ነገሩ። እናት ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ካምፕ ከገባ በኋላ ማታ ማታ ይደውልልኛል። ድምፁ ድክም ያለ ነው። በእሱ ቦታ የሚጫወት፣ በድራፍት የተመረጠ አንድ ልጅ አለ። ልጄ ልምምድ ላይ ይበልጠዋል። በማግስቱም ይበልጠዋል። ያ ልጅ ያረፍዳል፣ ስብሰባ ላይ ያንቀላፋል፤ አሰልጣኞቹ ትከሻውን አቅፈው ለብቻው የሚያስረዱት ግን እሱኑ ነው። ለምን አትሉም? አገር እያየ በቴሌቪዥን ስሙን ጠርተውታላ! እሱ ከወደቀ «መምረጥ አትችሉም» የሚባሉት እነሱ ናቸው። የኔን ልጅ ማን ጠራው? ማንም። ስለዚህ ቢሸኙት ማንም አይታዘባቸውም።

ፍልሰታ ጾም ላይ የሙከራ ጨዋታ ነበር፤ በቴሌቪዥን ይተላለፋል ተባለና ምግብ ቤቱ ጢም አለ። ጠበቅን። ጠበቅን። ልጄን ያስገቡት ተመልካቹ ወደ መኪናው መውጣት ሲጀምር ነው። እኔ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ዌስትውድ ፓርኪንግ ስሠራ ነው የኖርኩት፤ ያን ሰዓት አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሰው ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እየፈለገ ሲመጣ ዋናው ነገር አልቋል ማለት ነው። ያልተመረጡትን ልጆች የሚያሳዩን ያኔ ነው! ቢሆንም ልጄ ገባ፣ ከፊቱ ያለውን ገፈተረው፣ ኳስ ወርዋሪውን ጣለው። እልልታው ፌርፋክስን አናጋው። እሱ ግን ጭፈራ አያውቅም፤ ተነሣና የጣለውን ልጅ ክንዱን ይዞ አነሣው።

የመጨረሻው ስንብት ቀን ደረሰ። ቁርስ እየበላ ሳለ አንድ ሠራተኛ መጥቶ «አሰልጣኙ ይፈልግሃል፣ ታብሌትህን ያዝ» አለው። የጨዋታው ዕቅድ ሁሉ ያለው ታብሌቱ ውስጥ ስለሆነ ታብሌትህን ያዝ የተባለ ልጅ አይመለስም። ቤት ሲደርስ ጫማዎቹን በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል አንጠልጥሎ ነበር። በቆሻሻ ፌስታል! ለመጣል የተዘጋጀ ነገር ይመስል።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ጎበዝ ነህ አሉኝ።»

«ጎበዝ ከሆንክ ለምን ያባርሩሃል?»

«ቦታ የለም አሉኝ፣ ማሚ።»

«ያ የሚያረፍደውስ?»

«እሱ ቀርቷል።» ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። የኔን ልጅ ግን በማልያ ነው የጣሉት።

ሱቄ ሄጄ በር ከፈትኩ፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩማ። መጀመሪያ የገቡት ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ድራይቭ ሲያደርጉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የመንደራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ነገርኳቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና «ማን ሄዶ አነጋገራቸው?» አሉኝ።

«ማንም አልሄደም ጋሼ።»

«እንዴት ማንም አልሄደም? ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይላካል፣ አከራይና ተከራይ ሲጣሉ ይላካል። ሰው ከእንጀራው ሲነሣ ዝም ይባላል እንዴ? እኔን ታክሲ ቤቱ ሲያባርረኝ ሽማግሌ ልኬ አይደለም የተመለስኩት?»

እውነታቸውን ነው፣ ተመልሰዋል። ታክሲ ቤቱ ግን የአበሻ ነበር። ያችን ነገር ያን ቀን እሳቸውም ረሷት፣ እኔም ረሳኋት።

በማግስቱ ጠዋት ለልጄ ሳልነግረው ሦስት ሽማግሌዎች በቫኔ ይዤ ወጣሁ። ጋሼ፣ ጋቢያቸውን በሱፋቸው ላይ ደርበው፤ ቄሱ፣ መስቀላቸውን ይዘው፤ ሦስተኛው ደግሞ በተማሪነት መጥተው እዚሁ ኢንጂነር ሆነው ጡረታ የወጡት፣ ለድግሱ ከቶራንስ የመጡት ሰውዬ፣ ለማስተርጎም። ኢንጂነሩ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ «ይሄ ነገር እዚህ አገር ይሠራል ብላችሁ ነው?» አሉ። ጋሼ «አንተ ብቻ በደንብ ተርጉም» አሏቸው።

የቡድኑ ግቢ በር ላይ መኪና የሚያስቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኛው ልጅ! ፓርኪንግ ኖሮ አበሻ የሌለበት የት አለ? ቄሱን ሲያይ ከወንበሩ ዘሎ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ፣ ጋቢውንና ከዘራውን አየና ነገሩ ገባው። «የዚያ ግዙፍ ልጅ ጉዳይ ነው አይደል?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሁልጊዜ አማርኛ ነው የሚያወራኝ።» አግዳሚውን ከፍ አደረገልን።

ውስጥ እንግዳ ተቀባይዋ ቆንጆ ሶፋ አሳየችን። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም፤ ወጉ ነው። ልጄ ራሱ ትንሽ ሳለ፣ እህቱን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ሳሎናችን መሐል ተገትረው ሲያይ «ማሚ፣ ለምን አይቀመጡም?» ብሎኝ ነበር። «እሺ እስኪባሉ ነው» አልኩት። እንግዳ ተቀባይዋ ይህን ከየት ታውቃለች? ውሃ አመጣች፣ አልተቀበሏትም። እንደገና «ፕሊስ» አለች፣ አልተቀመጡም። ፊቷ ተለዋወጠና ስልክ አንሥታ ማንሾካሾክ ጀመረች።

በመጨረሻ የልጄ አሰልጣኝ ወጣ። አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ ግድግዳ የሚያህል ሰውዬ ነው። ሁላችንንም ጨበጠ። ጋሼ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና እንዲህ አሉ፦ «እኛ የልጁ ሽማግሌዎች ነን። ልጅ ነው፣ ልጅ ያጠፋል። አጥፍቶ ከሆነ እኛው እንቀጣዋለን፣ እግርዎ ላይ ወድቆም ይቅርታ ይጠይቃል። ጥፋቱን ብቻ ይንገሩን።»

ኢንጂነሩ ተረጎሙ። ሰውዬው «ምንም አላጠፋም» አለ። «ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣ፣ ከሁሉም ኋላ የሚወጣ ልጅ ነው። እንደሱ ያለ ልጅ ብዙ አላየሁም።»

ጋሼ ትርጉሙን ሰምተው ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። «ደግመህ ጠይቀው። በደንብ አልሰማኸውም።»

ኢንጂነሩ ደግመው ጠየቁ። መልሱ ያው ነው።

«እንግዲያው» አሉ ጋሼ፣ «ለጥፋት ይቅርታ አለው። ጥፋት ለሌለበት ሰው ምን ብዬ ነው የምለምነው?»

እኔ አልቻልኩም። «ያ የሚያረፍደውስ?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጮህኩ። የሰውዬው ጆሮ ቀላ። ውሳኔው የሱ እንዳልሆነ፣ የላይኞቹ እንደሆነ ነገረን። የላይኞቹ የታሉ? ስብሰባ ላይ ናቸው። ለልምምድ ብቻ የሚያስቀሯቸው ልጆች ቦታስ? እሱም ሞልቷል። ወይ ጉድ! ሁሉም ያዝናል፣ ሁሉም ልጁን ይወደዋል፣ ያባረረው ሰው ግን የለም። ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር፤ ሰድቦ የሚያባርር ሰው ቢያንስ ፊቱን ያሳይሃል። ደሜ ፈላ፣ ግን በማን ላይ ላፍስሰው?

አሰልጣኙ ሶፋውን እያሳየ «እባካችሁ፣ ትንሽ ተቀመጡ» አለን።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ። ወጣን።

ፌርፋክስ ስንመለስ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ምግብ ቤቱ ገባን፤ ባለቤቷ ወንበር ሳበች፣ ጋሼ አልተቀመጡም። «ሽምግልና ሦስት ጊዜ ይኬዳል። ገና አንዴ ነው የሄድነው» አሉ። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በአንድ እጃቸው ባንኮኒ ይዘው ቆሙ። እሳቸው ሲቆሙ ቄሱም ቆሙ፣ ኢንጂነሩም እያጉረመረሙ ቆሙ። አንዲት ፈረንጅ ገብታ ሰልፍ መስሏት ከኋላቸው ቆመች። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

የቡድኑ ግቢ በር ላይ ያገኘነው ልጅ ደውሎለት ኖሮ፣ ልጄ ገባ። በሩን ሞልቶ ቆመ። አለቀልኝ አልኩ፤ አሳፈርሽኝ ብሎ እዚሁ ሰው ፊት ሊጮህብኝ ነው። አልጮኸም። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየና ወደኔ ዞረ።

«እዚያም አልተቀመጡም?» አለኝ።

«አልተቀመጡም። ውሃም አልጠጡ።»

«ምን አሏቸው?»

«ምንም አላጠፋም ነው ያሏቸው።»

በድራፍቱ ዕለት ያላለቀሰ፣ ጫማውን በቆሻሻ ፌስታል ይዞ ሲመጣ ያላለቀሰ ልጅ አገጩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አንድ ወንበር በአንድ እጁ አንሥቶ ከጋሼ ኋላ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አላቸው።

«ጉዳያችን አልተፈጸመም ልጄ።»

«አውቃለሁ። በቃ ጋሼ። እኔ እሺ ብያለሁ።»

ጋሼ ቀና ብለው አዩት። ክንዳቸውን ያዘ፤ ያን ቀን ሜዳ ላይ የጣለውን ልጅ ሲያነሣ እንደያዘው ነው የያዛቸው። ቀስ አድርጎ አስቀመጣቸው። ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ቄሱ ተቀመጡ፣ ኢንጂነሩም ተቀመጡ። ልጄም አጠገባቸው ተቀምጦ ባለቤቷን ውሃ አምጪልን አላት፤ ለጋሼ የቀዳላቸው እሱ ነው። ያ ሁሉ በር፣ ያ ሁሉ ሶፋ፣ ያ ሁሉ «የላይኞቹ» አንድ እሺ አጥቶ፣ እሺ ያለው የተበደለው ልጄ ሆነ!

ለኔም ወንበር ሳቡልኝ። «አንቺም አረፍ በይ እንጂ፣ ልጁ እኮ እሺ አለ» አሉኝ።

እሱ ነው ያለው። እኔ አላልኩም። አልተቀመጥኩም።