ባለ አረንጓዴ ጨርቁ ጀሪካን

ይህን መጀመሪያ የነገረኝ የውሃ ቦቴ ሹፌሩ ነው። እሱ ቅጥፈት አይሆንለትም፤ ቢሆንለትም እኔ ፊት አይሞክራትም። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ውሸትን እኮ ገና ከደጅ ስትገባ ነው የማውቃት።

ሰፈሩ ከድንበሩ ድልድይ ሥር የተለጠፈ ነው። ወዲህ ከተማ፣ ወንዙን ስትሻገር ሌላ አገር፣ ሌላ ከተማ። ሰው እንደ ጉንዳን ነው። የቀን ሠራተኛው ከፍራሹ ሲነሳ የሌሊቱ ገብቶ እዚያው ሙቀቱ ላይ ይጋደማል። እኔ ራሴ በጉልምስናዬ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ጋር ሁለት ዓመት አንድ ፍራሽ ስንጋራ መልኩን አላየሁትም። ሲሞት ለቅሶ ሄጄ በፎቶው ነው የተዋወቅነው! ለነገሩ ይሄ ሌላ ወሬ ነው፣ ልመለስ።

ቧንቧ የሚባል የለም። ቦቴው በሳምንት ሁለቴ ይመጣል፤ ለአንድ ነፍስ አንድ ጀሪካን። እንዳይቀያየር ሁሉም እጀታው ላይ የራሱን ጨርቅ ያስራል።

ልብስ ተኳሿ እዚያ ከባሏ እናት ጋር በአንድ ክፍል ትኖራለች። የድንበር ጠባቂዎቹን ዩኒፎርም በከሰል ካውያ ትተኩሳለች። ደጃፋቸው ላይ ሦስት ጀሪካን አለ፦ ቀዩ ጨርቅ የሷ፣ ነጩ የአማቷ፣ አረንጓዴው የባሏ። ባልየው ሥራ ፍለጋ ወንዙን ከተሻገረ አራት ዓመቱ ነው፤ ወሬው የለም። አሮጊቷ ግን ቦቴ በመጣ ቁጥር የቆየውን ውሃ ለልብስ መርጫ ሰጥታ ጀሪካኑን እንደገና ታስሞላለች። "ሲመጣ ጠምቶት ነው የሚመጣው" ትላለች። አንዲት ጎረቤት አንድ ቀን አምልጧት "ነፍስ ይማር" ብትል፣ ከዚያ ወዲያ ደጇን አላስረገጠቻትም።

እንግዲህ የተኳሿ ታናሽ እህት ከመጣች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ማዶ የራሷን ባል የወሰዱት ሰዎች እሷንም ሲያስሷት፣ ውሃው እስከ አንገቷ እየደረሰ ተሻግራ ነው የመጣችው። ወረቀት የላትም። ከተያዘች መኪና ላይ ጭነው ለነዚያው ሰዎች ነው የሚያስረክቧት። አሮጊቷ አላባረረቻትም፤ ግን አንዴ ጠምቷት አረንጓዴውን ብትነካ፣ "እጅሽን! ባለቤት አለው!" ብላ አስደንግጣታለች።

አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ "ቆጠራ!" ተባለ፤ ወረቀት የሌለው የሚያዝበት ነው። ሰው ተተራመሰ፤ ገሚሱ በአጥር ዘለለ። እህትየው መውጫ ስታጣ ክፍሉ ውስጥ ገመድ ላይ ከተሰቀሉት ዩኒፎርሞች ኋላ ገባች። እግሯ ከሥር ይታያል። ተኳሿ የልብስ ቅርጫቱን በጉልበቷ ገፍታ ጋረደችውና ካውያዋን አነሳች። ከጥድፊያዋ አመዱ ሸሚዙ ላይ ተበተነ።

ቆጣሪው ገባ፤ ከኋላው አንድ የድንበር ጠባቂ።

"ስንት ናችሁ?"

"ሁለት።"

"ሁለት?" ሳቅ አለ። "እህቴ፣ ሰው ሁሉ ይዋሸኛል። እኔ የምቆጥረው ጀሪካን ነው። ሦስት አይቻለሁ።"

"የ... የባለቤቴ ነው።"

"የት አለ ታዲያ?"

ካውያውን ሸሚዙ ላይ አሳረፈች። እዚህ ነው ብትል "ጥሪው" ሊሏት ነው። ማዶ ነው ብትል፣ ማዶ ሰው ያለው ቤት ይፈተሻል፤ ትናንት የጎረቤቱን ግቢ ወለል ሳይቀር ቆፍረውታል። ጠባቂው ደግሞ "እስቲ የኔ ሸሚዝ ደርሶ ከሆነ" እያለ ወደ ገመዱ ሄደ። አንዱን ገለጥ አደረገ። ሁለተኛውን ያዘ። የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተ፤ ካውያው ሸሚዙ ላይ ቀርቶ ያጨሳል፣ እሷ ግን የሚታያት የሰውየው እጅ ብቻ ነው።

"ሞቷል።"

ሁሉም ዞሩ። አሮጊቷ ናት፣ ከአልጋዋ ጫፍ።

"ምን አሉ እማማ?"

"ልጄ ሞቷል አልኩህ! ማዶ ሄዶ ሞቷል። ጀሪካኑ ቁርጤን ማወቅ ስላቃተኝ ነው የተቀመጠው። ሟቹን ሦስተኛ ብለህ ልትቆጥርብኝ ነው?" ወደ ጠባቂው ዞረች። "አንተስ ጎረምሳው! ሰው ለፍቶ የተኮሰውን በላብ እጅህ ምን ታሻሸዋለህ? ያንተው ነው የሚቃጠለው፣ እየው!"

ጠባቂው ደንግጦ ገመዱን ለቀቀ። ቆጣሪው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሁለት ብሎ ጻፈ።

"ነፍስ ይማር እማማ።"

ተኳሿ የጎረቤቷ ነገር ትዝ ብሏት አሮጊቷን አየቻት። አሮጊቷ ዓይኗን ከደጃፉ ሳትነቅል "አሜን" አለች።

ኮቴያቸው ከግቢው እስኪወጣ ማንም ንቅንቅ አላለም። ከዚያ አሮጊቷ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፤ አረንጓዴውን ጀሪካን ከደጅ እየጎተተች አስገባች። በጣሳ ቀዳችና ከልብሱ ኋላ ለወጣችው ልጅ ዘረጋችላት።

"እማማ፣ ይሄ እኮ የልጅዎ..."

"ጠጪ" አለቻት። "ዛሬ ከፍዬበታለሁ።"