ያላጠበቅኋት ብሎን

ወረታ ውስጥ ለልጁ ባለ አራት ጎማ ትንሽ ሞተር ያመጣ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ የተዘጋ መዝናኛ ጓሮ ነው ያገኘኋት። የእንግዶች ልጆች ይጫወቱባት ነበር አሉኝ። እኔ ሳገኛት ሞተሯ ደርቆ፣ ወንበሯን አይጥ በልቶት ነበር። ሥራዬ የሞተር ብስክሌት ጥገና ነው፤ የተበላሸ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። በጭነት መኪና አስጭኜ ሳመጣት ሚስቴ አየችና ይቺ ደግሞ ለማን ናት አለችኝ። ለልጃችን ናት አልኋት። ልጃችን ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

ሁለት ወር ሠራኋት። ካርቡራተሯን ፈትቼ አጠብሁ፣ ካንዴላዋን ቀየርሁ፣ ካቴናዋን አሳጠርሁ። ልጄ ሁሉንም አጠገቤ ተቀምጣ አየች። ሕግ አወጣሁላት፤ ቅዳሜ ጠዋት ሳታጥባትና ሳትፈትሻት አትቀመጥባትም። መጀመሪያ ጎማዎቹን በአውራ ጣት መጫን፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ቀጥሎ ካቴናው ላይ የተጋገረውን ጥቁር ጭቃ በእንጨት መፋቅ፣ በመጨረሻ የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ አውጥቶ ማራገፍ። የፎገራ የሩዝ ገለባ ብናኝ ሳይገባበት የሚቀር ቀዳዳ የለም። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ይልቅ እሷ ትጠነቀቅ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አላሳየኋትም። በቀኝ አውራ ጣት የሚገፋው የነዳጅ መስጫ ሥር ቀጭን ብሎን አለች። ስትጠብቅ መስጫው ከግማሽ አያልፍም፤ ልጅ ጣቷን እስከ መጨረሻው ብትገፋ እንኳ ሞተሯ ከሶምሶማ አትበልጥም። ስትላላ ግን ሌላ ጉድ ናት። ልጄ ካወቀቻት አንድ ቀን ትነካካታለች ብዬ ደበቅኋት። የነካካኋት እኔው ነኝ።

ታኅሣሥ ላይ ሩዙ ታጭዶ አውድማ ደርሶ ነበር። ከአባቴ የወረስኋት ቁራሽ መሬት አለችኝ፤ በሬ ግን የለኝም፣ ለውቂያ የጎረቤቶቼን ተራ እጠብቃለሁ። በዚያ ሳምንት ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቆረና ሁሉም ለየራሱ ተሯሯጠ። በሬ ልለምን ብሄድ አንዱ ጎረቤቴ በሰው መካከል፣ በሬ ምን ያደርግልሃል፣ ያቺ ሞተርህ ታበራይልህ የለም ወይ ብሎ አሳቀብኝ። ቀልዱን ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ስናደድ የማደርገውን አላውቅም። አውድማ በጫማ እንደማይረገጥ እያወቅሁ በአራት ጎማ ገባሁበት። እርጥቡ ነዶ ከበዳት፣ እየሰመጠች ቆመች። ካቻቢቴዬን አውጥቼ ብሎኗን አላላሁ። ከዚያ በኋላ እያጓራች ስትዞር ዋለች። ሩዙ ከዝናቡ ተረፈ፤ ጎረቤቴም መጥቶ አየና ወደ በሬዎቹ ተመለሰ። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት ስመለስ ብሎኗን ረሳኋት።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ልጄ እንደ ልማዷ ጎማዎቹን ተጫነች፣ ፍሬኑን ሞከረች፣ እኔ ካቴናው ውስጥ የተውሁትን ገለባ አንድ በአንድ ለቀመች፣ ሄልሜቷን አሰረች። ከዚያ ተቀምጣ እንደ ሁልጊዜው አውራ ጣቷን እስከ መጨረሻው ገፋች። ሞተሯ ተወርውራ ወጣች። በሩዝ ማሳዎቹ መካከል ባለው ግድብ ላይ ጥቂት ሄዳ ውኃ ማፋሰሻው ቦይ ውስጥ ይዛት ገባች።

ሮጬ ስደርስ ግራ ክንዷ ከክርኗ በታች ተጣሞ ነበር። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው፣ «ቀስ በይ አላልሁሽም?» የሚል ነው። ያን ጊዜ ብሎኗ ትዝ አላለችኝም፤ ትዝ ያለችኝ ባጃጅ እስኪመጣ ሞተሯን ከቦዩ ስጎትት ነው። ሚስቴ ልጅቱን አቅፋ ባጃጅ ውስጥ ገባችና ና እንጂ አለችኝ። ሞተሯን ቤት ላስገባና እደርስባችኋለሁ አልኋት። ባጃጇ ከዓይኔ እስክትርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ ብሎኗን አጠበቅሁ። ማን መጥቶ እንደሚመረምራት አስቤ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሆስፒታል ስደርስ ክንዷ በጀሶ ታስሮ አልቋል።

ከዚያ በኋላ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ልጅ አይደለች፣ ፍጥነት ትወዳለች ይላል። እኔም አዎ እላለሁ። እሷም አንገቷን ደፍታ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች። ይህን ስትል እየሰማሁ እንግዳ ሸኝቼ እመለሳለሁ። የነፍስ አባታችንም መጡ። ከእሷ ጋር ለብቻቸው ጥቂት ተቀመጡ። በር ድረስ ስሸኛቸው ልነግራቸው አፌን ከፈትሁና መንገዱ ጭቃ ነው፣ በዚህ በኩል ይሻልዎታል ብዬ ዘጋሁት።

በሦስተኛው ቀን ጓሮ ውስጥ የሰው ካርቡራተር እያጠብሁ ቀና ስል ልጄን አየኋት። ወደ ምሥራቅ ዞራ ትሰግዳለች። የታሰረ ክንዷን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ መሬቱን በአንድ እጇ ብቻ ይዛ ግንባሯን አፈር ታስነካለች። ስትነሣ ትንገዳገዳለች።

ምን እያደረግሽ ነው አልኋት።

«ንስሐዬ ነው። ቀስ በይ ብለኸኝ ስላልሰማሁህ።»

አባ በዚህ ክንድሽ ስገጂ አሉሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አላሉም አለችኝ። ክንድሽ እስኪድን ጸሎቱ ይበቃሻል ነው ያሏት። ስግደቱን የጨመረችው ራሷ ናት፣ በሰው ፊት ስላሳፈረችኝ።

እጄን በጨርቅ ጠረግሁ። ጸድቶም ደግሜ ጠረግሁት። ከዚያ ነገርኋት፤ የጎረቤቴን ሳቅ፣ አውድማውን፣ ብሎኗን፣ ሁሉንም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም አልኋት። ታለቅሳለች ወይ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ተንበርክካ እንዳለች ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን የዘገየኸው እሷን ስታጠብቅ ነው?»

አዎ አልኋት።

«አጥንቴን ሲያቀኑት አንተን እየጠራሁ ነበር።»

ይህን ብላ ጉልበቷን አራገፈችና ወደ እናቷ ገባች። እኔ እዚያው ቀረሁ። በሳምንቱ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ፣ የታዘዝሁትንም ሰገድሁ፤ ልጄ በአንድ እጇ የሰገደችውን ግን የሚመልስልኝ የለም።

ክንዷ ድኗል። ሞተሯንም መንዳት አልተወችም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና የሚለው ተራ ብቻ ተቀይሯል። አሁን ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ካቻቢቴ ነው። ጎንበስ ብላ ብሎኗን ትሞክራለች፤ እኔ አጠገቧ እቆማለሁ። ትናንት ራሴ አጥብቄያታለሁ ብላትም ራሷ ትሞክራታለች።