ረሕመቶ መጅ ያሸከመችን ቀን

ረሕመቶ አርብ ገበያ ክርና አቡጀዲ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባታል። ቤቷ ከገበያው ዳር ስለሆነ በሰባ ሰባቱ ድርቅ የእርዳታ ስንዴ ልንቀበል ከገጠር የምንመጣ ሴቶች ዝናብ ሲይዘን የምንጠለለው እሷ ዘንድ ነበር። እሷ ግን የከተማ ሰው ናትና ከዚያ ስንዴ አንዲት ቁና ደርሷት አያውቅም።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጥሩ ጣለ፣ ገብሱም በቀለ። ከበላይ የመጣ ሹም በመኪና ሲያልፍ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ አየና «ከእንግዲህ ወንድ ያለበት ቤት ስንዴ አይሰጠውም» አለ። የእኔ ባል ይርዳው በእርግጥ ወንድ ነው፤ ነገር ግን ረሃቡ እግሩን አሳብጦት ከደጅ አይወጣም። ልጆቹም ገና ትንንሾች ናቸው። ገብሱ እስኪደርስ ምን እንደማበላቸው አላውቅም። ቢሆንም የመንግሥትን ቃል ማን ይመልሳል ብዬ ባዶ ስልቻዬን አጥፌ ከረሕመቶ ቤት ተነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ ረሕመቶ።

«ወደ ቤቴ ነዋ። ከቆረጡት ቆረጡት።»

«አንቺ ደግሞ! ነገ ቀብርሽ ነው ብለው ቢያውጁ፣ መግነዝ ልትገዢ እኔው ዘንድ ትመጪያለሽ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ለሚመጣው አርብ ሁላችሁም መጃችሁን ይዛችሁ ኑ» አለች። መጅ ወፍጮ ላይ እህል የምንፈጭበት የእጅ ድንጋይ ነው። ምን ልታደርገው እንደሆነ ማንም አልገባውም።

አርብ መጅ መጃችንን እንደ ልጅ በአንቀልባ አዝለን መጣን። ረሕመቶ የራሷን ጫንቃዋ ላይ አድርጋ ወደ አስተዳዳሪው ወደ ጓድ አድማሱ ቢሮ መራችን። ጓድ አድማሱ የስማዳ ሰው ነው፤ የቄስ ልጅ ነው ይባላል። በእሱም በእኛም አገር በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ከቆመ፣ ተበዳዩ «ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ» ሊለው ግድ ነው። ጓድ አድማሱ በሩን ከፍቶ ያ ሁሉ ሴት ድንጋይ ተሸክሞ እንዳጎነበሰ ሲያይ ክው አለ።

«ኧረ አውርዱ! ለእግዜር ብያለሁ፣ አውርዱ!»

ረሕመቶ ቀና አለች። «ሰማችሁ? እሺ ብለዋል!»

«ምኑን ነው እሺ ያልኩት?»

«ስንዴው እንዳይቆረጥ ነዋ። የሚፈጭ ከሌለ መጁ ምን ያደርግልናል? እዚሁ እንተውልዎታለን፣ ግንብ ይሥሩበት።»

«እኔኮ ይቅርታ ልትጠይቁ የመጣችሁ መስሎኝ ነው!»

«ምን አጥፍተን? ተርበን?»

ከገበያው የተከተለን ሰው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው «ልጄ፣ ድንጋይ ለተሸከመ የሰጡት ቃል አይታጠፍም» አሉት። ጓድ አድማሱ ፊቱ ጠቆረ። ሰውን አየ፣ ድንጋዩን አየ። በመጨረሻ «ለበላይ አስታውቃለሁ። መልስ እስኪመጣ እንደ ድሮው ይሰጣቸው» ብሎ ገባ። መልሱ ገብሱ እስኪታጨድ ድረስ አልመጣም።

ስንዴያችንን በዚያው ቀን ተቀበልን። ረሕመቶን ግን ሕዝብ አሳድማለች ብለው በማግሥቱ አሰሯት። ንፍሮ ቀቅዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

«ይርዳው በላ?» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«በላ።»

«ልጆቹስ?»

«በልተዋል።»

«እንግዲያ ይህንንም መልሺላቸው። እስረኛ ሥራ የለውም፣ አይርበውም።»

«ካልበላሽ አልሄድም፣ እትዬ» አልኳት። ሳህኑን ወደ እሷ ገፋሁና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ አየችኝና መብላት ጀመረች።