ፈረስ የሌለበት ዘንገና

ትናንት እንጅባራ ምሳ የበላሁበት ሆቴል ግድግዳ ላይ የዘንገና ሐይቅን ሥዕል አየሁ። የማን ሥራ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ እንደ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» የምንላቸው እኚህ ሠዓሊ መስከረም በጠባ ቁጥር እኛ ቤት ያርፉ ነበር። ጦርነት ከአውሮፓ ያሰደዳቸው አይሁዳዊ ናቸው። አዲስ አበባ ሥዕላቸውን የሚገዛው ብዙ ነው ይባል ነበር። በተልባ ዘይት የሚበጠብጡት ቀለማቸው ተልባ ተልባ ይሸታል።

አንድ ቀን ሐይቁን ሲስሉ አባቴ ፈረሱን እንደ በዓል ቀን አስጊጦ ፊታቸው ቆመ።

«ሙሴ፣ እኛንም ያስገቡን እንጂ። ፈረስ የማይታይበት የአገው ምድር ምን ምድር ነው?»

ሠዓሊው ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

«የተወለድኩበትን መንደር ከነሰዎቹ ስዬው ነበር። ከሰዎቹ አንድም አልተረፈ። ከዚያ ወዲህ ሰው ልስል ስል እጄ ይፈራል» አሉት።

አባቴ ፈረሱን ከፊታቸው ፈቀቅ አደረገ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «የተዉን ንቀውን አይደለም፤ እንድንተርፍ ብለው ነው» አለኝ።

አባቴ አንድ ፎቶ እንኳ ሳይነሣ ሞተ። ሆቴሉ ባለው ሥዕል ላይ ውሃው አለ፣ ደኑም አለ። እሱ ፈረሱን ይዞ የቆመበት ቦታ ግን ሣሩ እንኳ አልተረገጠም።