ከዘፈኑ ሥር የቀረው ምርቃት

ደብረ ታቦር የገባሁት በሰው አገናኝነት ነው። አዳማ የቪዲዮ ኤዲቲንግ አጭር ኮርስ ወስጄ ሥራ አጥቼ ስቀመጥ፣ ሠርግ የሚቀርጽ አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት ኮምፒውተር ላይ የምትቀመጥለት ሰው እንደሚፈልግ ሰማሁ። ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ብርዱም ከተማውም እንግዳ ሆኑብኝ። እኔም አፌን ስከፍት የሌላ አገር ሰው መሆኔ ይታወቃል።

የምሠራው ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ቅዳሜና እሑድ ካሜራውን ተሸክሞ እብናት፣ ሐሙሲት፣ አንዳንዴም ከመኪና መንገድ ርቆ ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት ትንንሾቹን ካሴቶች በፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥልኛል። ካሴት እንደ አሁኑ ሚሞሪ ቶሎ አይገለበጥም። ካሜራውን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ፣ የአንድ ሰዓቱን ካሴት ሰዓት ሙሉ እያጫወትኩ ነው የማስገባው። ቢቸኩሉለት አይፈጥንም። ስለዚህ ተቀምጬ አያለሁ። ሙሽራዋ ስታለቅስ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ፣ ዳስ ውስጥ ሰው ሲጎራረስ አያለሁ። ምሳዬን ከእነሱ ጋር እበላለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ፊቱን የማላውቀው ሰው ጠፋ። መንገድ ላይ የማገኛት ሴት በማን ሠርግ ላይ ምን ለብሳ እንደነበር ትዝ ይለኛል። እነሱ ግን አያውቁኝም። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ እብናት ከተቀረጸ ሠርግ የማውቃቸውን የሙሽራ እናት አየሁና ሳላስበው ጎንበስ ብዬ፣ «እንደምን ዋሉ እማማ?» አልኩ።

ሰላምታዬን መለሱና ፊቴን ትክ ብለው አዩት። «ከየት ነበር የማውቅሽ ልጄ?»

ሳምንት ሙሉ ድምፃቸውን ስሰማ፣ ለቅሷቸውን ስቆርጥና ስቀጥል መክረሜን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «ሌላ ሰው መስለውኝ ነው፤ ይቅርታ» ብዬ አለፍኩ። የዚያን ቀን የመጣሁበትን ሽንኩርት ሳልገዛ ተመለስኩ።

ዓመታት አለፉ፤ እኔም እንደወጣሁ ቀረሁ። ካሴት ቀርቶ በሚሞሪ የሚቀርጽ ካሜራ መጣ፣ አሮጌው ካሜራ መደርደሪያ ላይ ወጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኚያ እናት ጥቁር ለብሰው፣ በነጠላ የተጠቀለለ ትልቅ የቪዲዮ ካሴት ይዘው ክፍሌ ገቡ። የገበያውን ነገር አላስታወሱትም።

«የልጆቼ አባት ዐረፈ» አሉኝ። «ልጃችንን ሲመርቅ ተቀርጾ ነበር። ካሴቱን ጎረቤት ወስጄ አየሁት። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ የለም። የሚሰማው ዘፈን ነው።»

ነገሩ ገባኝ። ያን ጊዜ የሙሽሮች ሁሉ ትእዛዝ አንድ ነበር፤ የሽማግሌ ንግግር ይሰለቻል፣ ዘፈን ይግባበት ይላሉ። የእሳቸውም አማች እንደዚያው አዝዞ ነበር። ድምፁ ሊገኝ የሚችለው መጀመሪያ በተቀረጸበት ትንሹ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ትንንሾቹን ካሴቶች ግን ባለቤቱ ለሌላ ሠርግ መልሶ ይቀርጽባቸው ነበር።

ተስፋ ሳልሰጣቸው የአሮጌ ካሴቶቹን ካርቶን አገላበጥኩ። ተገኘ። ክሩ አንድ ቦታ ላይ ተጨማድዶ ስለነበር ለድጋሚ አይሆንም ተብሎ የተተወ ነው። ካሜራውን አውርጄ አቧራውን ጠረግኩና ካሴቱን አስገባሁበት።

«ጊዜ ይወስዳል፤ ነገ ይምጡ» አልኳቸው።

«የት እሄዳለሁ? እዚሁ ሆኜ አያለሁ» ብለው በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ ካሴት ያየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ፊታቸውን ብቻ የማውቃቸውን ሰዎች እየጠቆሙ ይነግሩኝ ጀመር። «ይህች የወንድሜ ልጅ ናት፤ አሁን ባሕር ዳር ወልዳለች።»

«ይኼ ቀይ ሹራብ የለበሰውስ?» አልኳቸው። ያኔ ስቆርጠው፣ በየጭፈራው መሀል የማላጣው ሰው ነበር።

«እሱማ ሳይጠራ የመጣ ነው» ብለው ፈገግ አሉ።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የዚህ አገር ሰው አይደለሁም እማማ።»

«ታዲያ እዚህ ማን አለሽ?»

ማንም የለኝም ማለት ከበደኝ። «ሥራ አለኝ» አልኩ።

«ሥራስ ይሁን። ሲያምሽ ውሃ ማን ያቀብልሻል?»

በዳሰሳ የካሜራውን ገመድ ጠበቅ አደረግኩ። እሳቸውም አልደገሙብኝም።

መብራቱ ሲመጣ ካሴቱን ጥቂት ወደ ኋላ መልሼ ቀጠልን። አባትየው ተነሥተው መመረቅ ሲጀምሩ የተጨማደደው ቦታ ደረሰ። ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተበጣጠሰ፣ ድምፁም ይቆራረጥ ጀመር። «ውለዱ» ይልና ይጠፋል፤ ተመልሶ «ክፉ አይንካችሁ» ይላል። በመሀል የጠፋውን እሳቸው ቀስ ብለው ይሞሉታል። «ውለዱ፣ ክበዱ፤ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ።» የባላቸውን ምርቃት ቃል በቃል ያውቁታል። ደግመን አጫወትነው። አላለቀሱም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አሜን ይላሉ። እኔም አብሬ አሜን አልኩ።

ድምፁን ብቻ ቆርጬ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው፣ «ለአገርሽ ያብቃሽ» አሉኝና የእብናት መኪና ሳያመልጣቸው ሄዱ። ካሜራውን ነቅዬ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። በርጩማውን ግን ለጥቂት ቀን ከቦታው አላነሣሁትም።

በሚቀጥለው ሠርግ ምርቃቱ ላይ ዘፈን ሳላስገባ ተውኩት። ሙሽራው መጥቶ አየና፣ «ይኼማ ስብከት መሰለ፤ ዘፈን አድርጊበት» አለኝ። ሠርጉ የእሱ ነው፤ አደረግኩበት። ሚሞሪው ለሌላ ሠርግ ከመጥፋቱ በፊት ግን የሽማግሌዎቹን ድምፅ ለብቻው ቀድቼ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ የየሠርጉን እንዲሁ አደርጋለሁ። ሠርግ በሌለበት በዐቢይ ጾም፣ ሥራ ሲላላ፣ አንዱን ከፍቼ እሰማለሁ። እስካሁን መጥቶ የጠየቀኝ ሰው የለም።